በስተርጅና የሚቆርብ ቤት



ስለ እምነት የሚነገር ነገር ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደስ ይጀምራል። እኔ ከወፍጮ ብጀምር ቅር አይበላችሁ። በዚሁ በወሎ፣ በቦረና ምድር፣ በጋስጫ ገዳም ስማቸው የሚጠራው አባ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተልከው ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው ቀለም አልገባ ብሏቸው የገዳሙን እህል እየፈጩ ሰባት ዓመት አገለገሉ። በኋላ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ያፈሰሱት እንባ ተቆጠረላቸውና ምሥጢር ተገለጠላቸው፤ መጽሐፈ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን ደረሱ። ዘመኑ የ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና የ15ኛው መጀመሪያ ነው። ሐምሌ 7 በዓላቸውን እናከብራለን፣ ማሕሌቱ ይቆማል፣ ድርሰታቸው ይወደሳል፤ የፈጩትን እህል ግን ማንም አያነሣውም። እናቶቻችን ቢጠየቁ ያነሡት ነበር፤ እነሱ የፈጩት ሰባት ዓመት አይደለማ፣ የሞተር ወፍጮ እስኪመጣ ድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው።

ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለ እነዚህ እናቶችና ስለ ባሎቻቸው ነው። ልጅ ድረው፣ በሬ ለልጅ አስረክበው፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው ቤት ስለዋሉት። ብዙዎቻችን ሽማግሌ እምነቱ የሚበረታው ሞት ስለቀረበው ነው ብለን እንገምታለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ባየሁትና በሰማሁት መጠን፣ በዚህ ደጋ አገር ሰው ሲያረጅ እምነቱ የሚለወጠው ቤቱን እንደገና ለማደራጀት ሲነሣ ነው፤ ለዚያም ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎች አሉት፤ አንዱ መቁረብ፣ ሌላው ቆብ መድፋት። ሁለቱንም ሽማግሌው ብቻውን አይፈጽማቸውም፤ የልጆች እጅ ይፈልጋሉ። ወቀሳዬ ወደ ልጆች ያዘነበለ እንደሆነ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከቁርባኑ እንጀምር። እንደ አብዛኛው የአማራ ገጠር፣ እዚህም ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፣ ከሁለቱም ወገን ከብት ተዋጥቶ ጎጆ ይወጣል። ልጅ ይወለዳል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ቁርባኑ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ሕፃን ይቆርባል፣ ሽማግሌ ይቆርባል፤ መካከል ያለው ጎልማሳ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። ይህ ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፤ መምህራን ሁሌም ይቃወሙታል፣ በተለይም ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከተጠናከሩና ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በቁርባን የሚጋባ ወጣት በርክቷል። ወላጆቻችን ግን በአሮጌው ልማድ ኖረዋልና እነሱን ለመውቀስ አልቆምኩም።

ለምን ዘገዩ ቢባል፣ ቁርባን ስለሚያስር ነው። በሰማንያ የተጋባ ሰው ካልተስማማ ሽማግሌ ይዞ፣ ንብረት ተካፍሎ ይለያያል። የቆረበ ግን አንዱ እስኪሞት ድረስ አይለያይም፤ ሥጋ ወደሙን በአንድነት ተቀብሏል። ትዳሩን ገና ያልፈተነ ልጅ ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ግን የሚፈራውን ሁሉ አይቶ ጨርሷል። የ1966ቱን ረሃብ አይቷል፣ የ1977ቱን አይቷል፤ ከጎረቤቶቹ በሰፈራ የሄዱና ያልተመለሱ አሉ። ሚስቱ በዚያ ሁሉ ውስጥ ከጎኑ ከነበረች ሌላ ምን ፈተና ይጠብቃል?

ለእነዚህ ባልና ሚስት ተክሊል አይደረግም፤ ተክሊል የደናግል ነው። ንስሐ ገብተው፣ የነፍስ አባታቸው የሰጣቸውን ቀኖና ጨርሰው፣ የመዓስባን ጸሎት ተደርጎላቸው በቅዳሴ ይቆርባሉ። በሕግ ዓይን ካየነው የሚጨመር ነገር የለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ በእኩል ያውቃል፤ ሽማግሎቹም ቀድሞውኑ ባልና ሚስት ናቸው። ለውጡ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና። መቁረብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መታረቅ አለበት። ብልህ የነፍስ አባት ስለ ጾማቸው ከመጠየቁ በፊት ከማን ጋር እንደተኳረፉ ይጠይቃቸዋል። ያኔ የተቀበረው ሁሉ ይወጣል። ከወንድሙ ጋር በርስት የተካሰሰ ሰው አለ። የጎረቤቱን ድንበር ሁለት ትልም፣ ሦስት ትልም የገፋ አለ። ምራቷን ከቤት ያስወጣች አማት አለች። በክፉው ዘመን በአደራ የተሰጠውን እህል በልቶ ዝም ያለም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ካልተፈታ አይቆረብም። እናም ሽማግሌው ዱላውን ይዞ ይነሣና፣ ሃያ ዓመት ሰላም ወዳላለው ጎረቤት ደጅ ይሄዳል። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ አለ፤ ድንበሩን በሰው ፊት የሚመልስ አለ። በዚህ መንገድ ስንት የድንበር ክርክር እንደተዘጋ የሚጽፍ መዝገብ የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ ዳኞቻችን ይቀኑበት ነበር።

ከቁርባኑ በኋላ የቤቱ ድምፅ ይለወጣል። መሳደብ ይቀራል፤ ቢያንስ ይቀንሳል። መማልና መራገም ይቀራል። አባወራው በጠላ ቤት ሲያመሽ የነበረ እንደሆነ በጊዜ ይገባል፤ የሚስቱን ስም ሳይጠራ «አንቺ» እያለ የኖረ ሰው ድምፁን ለስለስ ያደርጋል። የልጅ ልጆች ይህን አይተው ይስቃሉ፣ አያታቸው ሊቆጣ ብሎ ሲተወው ይጠቃቀሳሉ። እኔ ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ነገር ያስተምራል ባይ ነኝ፤ ሰባ ዓመት የሆነው ሰው ጠባዩን ሲያርም ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ውሳኔ ቆብ ነው። ባል ይሞታል። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ያልፋል። የቆረበች ሚስት ሌላ ባል አታስብም፤ ነጭ ወይም ቢጫ ቀሚሷን አሰፍታ፣ መቋሚያና መቁጠሪያ ይዛ ቆብ ትደፋለች። ከዚያ በኋላ ስሟ እማሆይ ነው። ገዳም የሚገቡ አሉ፤ ወደ ሳይንት ወጥተው፣ ከአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ጋር ስሟ የሚነሣውን ተድባበ ማርያምን ተሳልመው እዚያው መቅረት የሚመኙም አሉ። አብዛኞቹ ግን እቤታቸው ይቀራሉ። የመነኮሰ ሰው በገዳም እንጂ በመንደር አይኑር የሚሉ አባቶች አሉ፤ ሥርዓቱን ካየነው እውነት አላቸው። ጉልበቷ ያለቀ የሰባ አምስት ዓመት ሴት፣ ውኃ የሚቀዳላት የልጅ ልጅ እቤት እያለ፣ የት ትሂድ የሚለው ጥያቄም እውነት አለው።

ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷልና ጸሎተ ፍትሐት በቁሙ ይደረግለታል። የሚቀብሩት ሰዎች የሚሰሙትን ጸሎት እሱ ራሱ ቆሞ ይሰማዋል። ይህች ፍትሐት የተደረገላት እናት ግን በማግስቱ ጠዋት ተነሥታ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ለልጁ ቁርስ ትሰጣለች፣ ጥጥ ወይም የበግ ፀጉር ትፈትላለች፣ መሬቷን በእኩል የሚያርሰው ሰው ሲወቃ አውድማ ድረስ ሄዳ ድርሻዋን አስፍራ ትመለሳለች። ይህን ሲያዩ «ይቺ ምን መነኮሰች» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ የበረታ ምንኩስና ይህ ነው እላለሁ። በገዳም የሚያውክህ የለም፤ እቤት ግን ልጅ ያለቅሳል፣ ምራት ታጉረመርማለች፣ ዶሮ ቆሎ ይበትናል፣ በዚህ ሁሉ መካከል «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን አርባ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ መቁጠር አለ።

መሬቱን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልናገር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልላችን ይዞታ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ። ለአሮጊቶች ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ወንድሞች ከቤቷ የምትገፋበት ዘመን ብዙ ሩቅ አይደለም። አሁን ደግሞ «መነኩሴ መሬት ምን ያደርግላታል፣ ለዓለም ሞታ የለም ወይ» እያሉ ደብተሯን ከሣጥን ለማውጣት የሚሞክሩ ልጆች አሉ። ልጆቼ፣ እናታችሁ ለዓለም የሞተችው በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ በደብተሩ ላይ በሕይወት አለች። ቆቧን ለመሬት መቀሚያ ማድረግ በሕግም በነፍስም ያስጠይቃል።

የቁም ተዝካርንም በዚህ አጋጣሚ ላንሣው። ልጆቼ አያወጡልኝም ብሎ የሚሰጋ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣል፤ በሬ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አገር ይበላል። ምግቡ ለድኃ ከደረሰ መልካም ነው። የጠገበ ሰው ጠግቦ እንዲሄድ የእርሻ በሬ ማረድ ግን አልገባኝም፤ የገባው ቄስም አላገኘሁም። ድኃ ጠርቶ እንጀራና ንፍሮ ማብላት፣ ላልቻለ ሰው ዘር መስጠት የማይበቃበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ጾሙ ልግባ፤ እዚህ ላይ ሰው እየሞተብን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በክረምቱ ጭቃ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች በመካነ ሰላም ብርድ፣ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት እየተነሡ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አለ። ሽማግሎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ድሮ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ታዞላቸዋል፤ ኪኒኑን በጠዋት በውኃ መዋጥ ጾም መሻር ይመስላቸዋል። አንዳንዱ መድኃኒቱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይውጠዋል፣ አንዳንዱ ሁዳዴን ሙሉ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የስኳሩን መድኃኒት ወስዶ ምግቡን ይተዋል። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል፤ ስኳሩ በድንገት ይወርድና ሰውየው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሕዝቡም «ከነጾሙ ሞተ፣ ታድሎ» ይላል።

አልታደለም፤ የሚነግረው ሰው አጣ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም፤ እንደ አቅሙ እንዲጾም፣ ሰዓቱ እንዲያጥርለት የነፍስ አባቱ ይፈቅዳል። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ በጊዜው ጠበል እየጠጡ መድኃኒቱን የጣሉ ብዙ ነበሩና ቃላቸው ሰው አድኗል። የስኳርና የደም ግፊቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ችግሩ የነፍስ አባትና የጤና ባለሙያ የማይገናኙ መሆናቸው ነው፤ አንዱ ስለ ኪኒኑ አያውቅም፣ ሌላው ስለ ጾሙ አይጠይቅም፣ ሽማግሌው ደግሞ ሁለቱንም አክብሮ ዝም ይላል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከልጅ ሌላ ማን አለ?

ስለ ማንበብ ደግሞ በአጭሩ። ከዛሬዎቹ አረጋውያን ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እግዚአብሔር የለም ይል የነበረ መንግሥት ያስተማራቸውን ፊደል ይዘው ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ማንበብ ጀመሩ! ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ የዓይን ሞራ አለ፣ የጭስ ቤት አለ፣ ክልላችን ደግሞ ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከተንሰራፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሣል። ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ሶፋ የገዛ ልጅ ዓይኗን ሳያሳክም ሲቀር ያሳዝነኛል፤ ዳዊቷ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ወሎ ውስጥ ሆኖ ስለ ክርስቲያን ቤት ብቻ ማውራት አይሆንልኝም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊትም በኋላም በዚህ ምድር እምነት በቤተሰብ መካከል ሲያልፍ ኖሯል፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። በየቤታችን እስላም አጎት ወይም ክርስቲያን አክስት የሌለው ብዙ አይደለም። እማሆይ ቡና ስታፈላ አጠገቧ የምትቀመጠው የዕድሜ ጓደኛዋ ሐጂት ብትሆን የሚገርመው እንግዳ ብቻ ነው። በአቦሉ አንዷ ትመርቃለች፣ ሌላዋ «አሚን» ትላለች። ተዝካር ሲወጣ ለእስላም ጎረቤት የሚታረደውን እስላም ያርደዋል፣ በተለየ ድስት ይሠራል፤ ለሰደቃው የተጠራ ክርስቲያን በጾም ቀን ከደረሰ የጾም ይቀርብለታል። ሲሞቱ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ውኃውን የሚቀዳው ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ነው። ይህንን ያቆዩት ሽማግሎች ናቸው። ወጣቶች በስልክ ላይ የሚለጠፈውን ስድብ እያያችሁ ስትመጡ፣ አያቶቻችሁ ረከቦት ዙሪያ ቁጭ ብለው ምን እንደሚባባሉ አዳምጡ።

ወደ ባሕር ማዶ ልጆች ልመለስ። ከዚህ አካባቢ ብዙ ሴቶች ልጆች ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ ሄደዋል። ከክርስቲያን ቤት የወጡ አንዳንዶቹ መንገዱ እንዲቀላቸው በፓስፖርታቸው ላይ የእስላም ስም አጽፈው ነው የሄዱት። እናቶች በዚህ ልባቸው እንዴት እንደሚቆስል አውቃለሁ። አንዲት እናት በየወሩ ለሚካኤል ቀን ስታስቀድስ ለቄሱ የምትሰጠው የልጇን የክርስትና ስም ነው፤ «በዚያኛው ስም እነሱ ይጥሯት፣ በዚህኛው እኔ እጠራታለሁ» ብላኛለች። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተነሣው ግጭት ስልክ ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ በእናትና በልጅ መካከል ሳይቋረጥ የቀረው ይኸው የስም ጥሪ ነበር።

ብሩ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን በብር የማይተካ አለ። የጽዋ ማኅበሩ ተራ ይደርሳል፤ ጽዋው በእናት እጅ ነው፤ ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማስፈጨት፣ ዳቦ መድፋት አለ። እጇ ስለማይችል ተራውን ለማሳለፍ ታፍራለች፣ ሁለት ጊዜ ካሳለፈች ደግሞ ራሷ ከማኅበሩ ትቀራለች። ከማኅበር የቀረች አሮጊት ከሰው ተለየች ማለት ነው፤ ማን እንደታመመ አትሰማም፣ መታመሟንም የሚሰማላት የለም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጽዋ የጠጡት ሴቶች ሲለያዩ ከሕመሙ በፊት ብቸኝነቱ ይገድላል። አንድ ልጅ፣ ወይም አንድ የአክስት ልጅ፣ ያን ተራ ቢሸከም በዓመት አንድ ቀን ነው።

ስለዚህ ልመናዬን ልናገርና ልውረድ። ለፋሲካ ወይም ለገና ስትመጡ በግ ከመግዛታችሁ በፊት የወላጃችሁን የነፍስ አባት ቤት ጠይቃችሁ ሂዱ። የሚውጡትን ኪኒን ከነማዘዣው ይዛችሁ አሳዩአቸው፣ ጾሙን በዚያ መጠን እንዲወስኑላቸው አድርጉ። ያልቆረቡ ወላጆች ካሏችሁና ልባቸው ከተነሣ፣ የተኳረፉት ሰው ደጅ ድረስ ደግፋችሁ አድርሷቸው፤ ብቻቸውን ከሆኑ ዳገቱን አይወጡትም። የእናታችሁ የማኅበር ተራ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ዛሬ ማታ ጠይቁና ከእናንተ አንዳችሁ ውሰዱት።